ታንኳ ያለው ሚስኪን



ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ኺድር (ዐ.ሰ) መርከብ ተሳፍረው ሳለ ኺድር መርከቧን የቀደዱበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለቤቶቿ በባሕር ላይ የሚሠሩ ሚስኪኖች እንደነበሩ እዚያው ተነግሮናል። ይህን አንቀጽ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደቀራሁት አላህ ይወቀው። የገባኝ ግን ጣና ዳር፣ የበሰበሰ ደንገል እየሸተተኝ ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። የቢቸናና የሞጣ ሰው ውሃን የሚያውቀው ከላይ ሆኖ ነው። አባይ አለን፣ ግን ገደል ውስጥ ነው፤ እንሻገረዋለን እንጂ አንቀዝፍበትም። ሞጣ አጠገብ ያለው ሰባራ ድልድይ መሐሉ ተቆርጦ በነበረባቸው ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለቂርኣት ባሕር ዳር ስሄድ ታንኳን የማውቀው ከፎቶ ብቻ ነበር።

እጅ ጽሕፈቴ ደህና ስለነበር የዚያን ዓመት ረመዳን በአንድ መስጂድ የዘካ ተቀባዮችን ስም እንድጽፍ ታዘዝኩ። ረመዳኑ ነሐሴ ላይ ነበር የዋለው፤ ዝናቡ አያባራም። ሰዎች እየመጡ ይጠየቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሽማግሌ መጡ። የነገደ ወይጦ ሰው ናቸው። «ምን አለዎት?» አልኳቸው። «አንዲት ታንኳ አለችኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስማቸው ላይ መስመር ሳብኩና አጠገቡ «ንብረት አለው» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ሰርዝ አላለኝም። በራሴ እጅ ነው ያደረግኩት።

ለማታውቁ፣ ነገደ ወይጦ በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸው አማርኛ ነው። ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ሰሌንና ቅርጫት መሥራት የእነሱ ሙያ ነው። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእነሱ ጋር አብሮ አይበላም ነበር። አደኑ ቀርቷል፣ መራቁ ግን በብዙ ሰው ልብ ውስጥ አልቀረም። እኔም ልቤ ውስጥ ምን እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሳምንት በኋላ ሐለቃችን ላይ የዘካ ክፍፍል ትምህርት ደረሰ። ሚንሃጅ ነበር የምንቀራው። ኡስታዛችን «የፈቂርና የሚስኪን ልዩነት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። በእኛ በሻፊዒዮች ዘንድ ፈቂር የባሰበት ነው፤ ሚስኪን ግን የሆነ ነገር አለው፣ ያለው ነገር አይበቃውም እንጂ። ሐነፊዮች ደግሞ ተገላቢጦሹን ይላሉ። ማስረጃስ? ኢማም ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) የመርከቧን አንቀጽ ማስረጃ አድርገዋል፤ መርከብ እያላቸው ሚስኪን ተብለዋልና። ሳልደናቀፍ ተናገርኩ። ኡስታዙ «ማሻአላህ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ከትምህርቱ ስንወጣ አንድ ደረሳ ጓደኛዬ ጫማዬን እያሰርኩ አጠገቤ ቆመ። ዝም የሚል ልጅ ነበር። «ያባቴ እንኳን መርከብ አይደለም፣ ታንኳ ነው» አለኝ። «ከፈለግክ ና እያት።» የማን ልጅ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ አብሬው ሄድኩ። ታንኳዋ ከቤታቸው ጀርባ፣ እርጥብ ሣር ላይ በደረቷ ተኝታ ነበር። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። አውራ ጣታቸውን ደንገሉ ላይ ተጭነው አሳዩኝ፤ ጥቁር ውሃ ተንቆረቆረ። «አንተ ደረሳ፣ ይቺ ናት ንብረቴ» አሉ። ቀጥለውም ሳቁና «የትኛውም ንጉሥ ቢመጣ አይወስዳትም» አሉኝ። አንቀጹን ያውቁታል። ኺድር ደህና መርከብ ሁሉ የሚነጥቅ ንጉሥ ስለነበረ መርከቧን ነውረኛ ማድረጋቸውን ልብ በሉ። የሽማግሌዋን ታንኳ ነውረኛ ያደረገው ግን ክረምቱ ነው።

መግሪብ ደረሰ። እናትየው ውሃና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡ። እኔ ኪሴ ውስጥ በያዝኳት ተምር አፈጠርኩና ሆዴን ያመኛል አልኩ። ሆዴን አላመመኝም ነበር። እሳቸውም እንዳላመመኝ አውቀዋል፤ ሳህኑን ሲያነሱ ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ከዚህ በላይ አላብራራውም።

ያን ሌሊት ለኡስታዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሰረዝኩትንም የዋሸሁትንም። ብዙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሁለተኛው ዝም ብለው ስለ መጀመሪያው መስአላ ነገሩኝ፦ የሙያ ሰው ከዘካ የሚሰጠው የዕለት ጉርሱን ብቻ አይደለም፣ የሙያውን ዕቃ መግዣም ይሰጠዋል። አናጢው መጋዝ፣ ልብስ ሰፊው መኪና። ይህን የሻፊዒዮች ኪታቦች ላይ ታገኙታላችሁ፤ በየከተማው ዘካ የምታከፋፍሉ ወጣቶች ብታዩት ጥሩ ነው። ስማቸው ተመልሶ ገባ። ዒድ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም ላይ ፀሐዩ ሲወጣ፣ ታንኳዋን ልንጠግን ተቀመጥን።

አሁን ስለ ታንኳ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔ መጠገን ማለት ቀዳዳ መድፈን ይመስለኝ ነበር። ታንኳ የሚደፈን ነገር የለውም። ውሃ ከታች ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ውስጥ ነው፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቅርፊቱን ስትልጡት ነጭና ስፖንጅ የመሰለ፣ አየር የያዘ ነገር ታገኛላችሁ። ያ አየር ቦታውን ለውሃ ሲለቅ ታንኳው ይከብዳል፣ ይሞታል። ስለዚህ ባለ ታንኳ ዓሣውን ሳያወርድ ታንኳውን አያሳድርም፤ ከሐይቁ እንደወጣ ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ የለም። በደንብ የተያዘ ታንኳም ቢሆን ዕድሜው የወራት ነው። ባለ ታንኳ መሆን ማለት አንድ ጊዜ ገዝቶ መቀመጥ ሳይሆን እንደ ሰብል በየጊዜው ደግሞ ማብቀል ነው።

ከአሮጌዋ ያተረፍነው ጥቂት ነው። ከሥር እንደ ጀርባ አጥንት ሆኖ የሚይዛትን የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ገመዱን፣ ከውስጥ የሚነጠፈውንና ሰው የሚቀመጥበትን የደንገል ንጣፍ። ንጣፉን ፈተን አደረቅነው። የታችኛው አካል ግን ሁሉ ተጣለ። አዲስ ደንገል ተቆረጠ፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እስኪሄድ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። በጣም ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ስለዚህ አፍንጫዋን ወደ ላይ ከማቅናታቸው በፊት ውሃ ይረጩበታል። እስሩ ላይ ጉልበቴ ተፈለገ። ሽማግሌው እግራቸውን ነዶው ላይ ተክለው «ሳብ!» ይሉኛል፣ እስባለሁ፣ «ይህ ማሰር ነው ወይስ ማቀፍ?» ይሉኛል። መዳፌ ተላጠ። ገመዱ ድሮ ከዛፍ ልጥ ነበር፣ የእኛ ናይለን ነው።

በሦስተኛው ቀን እናትየው ቡና አፈሉ። ሦስቱንም ጠጣሁ። አስቀድሜ የተናገርኩት ነገር አልነበረም፣ እሳቸውም ምንም አላሉም። ሲኒውን ሲሰጡኝ ግን ትንሽ ያዝ አድርገው ነው የለቀቁት።

ማሟያው ቀላል ነበር፦ ለመቅዘፊያ ረጅም ሽመል፣ መረብ፣ ለመልሕቅ ድንጋይ፣ በሁለቱ ጎን የታሰሩ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች። ጀሪካኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዋና አልችልም። ከዚያም የእኔ ጥበብ መጣ። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነፋስ እንደሚነፍስ አይቻለሁ። ታዲያ ለምን በክንድ ይቀዘፋል? ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ ሰፋሁና ሸራ አደረግኩ፣ እንጨት ተከልኩ። ልጅየውና እኔ ወጣን። ነፋሱ መጣ። ሸራው ተነፋ፣ ታንኳዋ ቀድማን ሳይሆን ወደ ጎን ሄደች፣ እንጨቱ ከሥሩ ተነቀለ፣ እኔም ከነጆንያዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ጀሪካኑን ይዤ ስጮህ ሽማግሌው ዳር ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ውሃው እስከ ደረቴ ነበር። ቆሜ ብሞክር ኖሮ እደርስበት ነበር።

በሸራ የሄደ የጣና ደንገል ግን አለ። ይህን ኋላ ሳነብ ነው ያወቅኩት። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች «ራ» የምትባል ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት የኋላ አካሏ ውሃ ውስጥ እየገባ ተፈታች። ከምክንያቶቹ አንዱ በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ጅራቷን ከመሐል ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ እያለ እነሱ ጌጥ መስሏቸው መተዋቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች አምጥቶ ያሠራት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ናት። ይህን ለሽማግሌው በስልክ ስነግራቸው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ደንገሉን ከጣና ከወሰደ ሰውስ ለምን ከጣና አልወሰደም?» መልስ አልነበረኝም።

ያቺ ታንኳ እስከ መጋቢት አገለገለች። ከዚያ ሌላ ታሰረች፣ ከዚያም ሌላ። ደንገሉ ግን እየራቀ ነው። ዳሩ ታርሷል፣ ከተማው ወደ ውሃው ተጠግቷል፣ እምቦጭ ደግሞ በሐይቁ ሰሜን በኩል ያደረገውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሞተር የሚሄደው ጀልባ ረጅም መረቡን ይዞ ጥልቁን ያጠምዳል፤ የሚገዛበት ገንዘብ ግን ከእነሱ ሰፈር ከየት ይምጣ?

እኔ አሁን ቢቸና ነኝ፣ ኢማማችንን አግዛለሁ፣ የዘካውንም ዝርዝር አሁንም እኔ ነኝ የምጽፈው። ጓደኛዬ ባለፈው ሰሞን ደውሎልኝ ነበር። ደንገል ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ቀዝፈው እንደሚሄዱ፣ አባቱ አሁን ተቀምጠው ብቻ እንደሚያዝዙ፣ አዲስ ሊያስሩ እንደሆነና ጉልበት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ኢንሻአላህ ለመስከረም እመጣለሁ አልኩት። ከኋላ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማኝ። «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ጆንያ ይዞ እንዳይመጣ በለው እያሉ ነው» አለኝ።