ከቅልቅሉ በኋላ፣ ከጾሙ በፊት

ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው ስል ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ስንት ፈጀ?» ሁለተኛው «ላንጋኖ ምን አነሰው?» የመጀመሪያው በቁጥር ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ስድስት ወር አስቦኛል፤ ይሄን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ እጮኛዬ እሺ ባለችኝ በሳምንቱ ስፕሬድሺት ከፈትኩ። አትሳቁ። ሰርግ እንደሆነ የቤተሰብ ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚጠራ፣ በሬው ከየት እንደሚገዛ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ እኛ ሱፍና ቬሎ ለብሰን መገኘት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን የምንወስነው ነገር ቢኖር ጫጉላው ነው።

መጀመሪያ ሦስት ቦታ አወዳደርን። ማልዲቭስ ለአብዛኛው አገር ዜጋ ስትደርሱ እዚያው በነፃ ቪዛ ይሰጣል። ሲሼልስም ቪዛ አይጠይቅም፤ ከጉዞው በፊት ኦንላይን ሞልታችሁ የምትከፍሉበት የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ቀላል፣ ኪስ ላይ ግን ከባድ። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲቀየር 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የኛ ደመወዝ ደግሞ በብር ነው። የማልዲቭስን የአንድ ሌሊት ሆቴል ዋጋ ወደ ብር ቀይሬ ሳሳያት እጮኛዬ «በዚህስ ሶፋ እንገዛለን» አለች። ሶፋ አልነበረንም። ማልዲቭስ ወጣ።

ዛንዚባር ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ቤተሰቦች የሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ እንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአንድ ሰው 44 ዶላር፣ ለሁለት 88። እኔ ይቺን ያገኘኋት በጀቱን ከዘጋን በኋላ ነው፤ እንደገና ከፈትነው።

ከባዱ ግን ብሩ ሳይሆን ቀኑ ነበር።

ሰርጋችን ጥር 17፣ እሑድ ነው። መልሱ በማግስቱ፣ ቅልቅሉ ጥር 24። ከጥር 25 እስከ 27 ጾመ ነነዌ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ እጮኛዬ ደግሞ ጾም የምትጾመው ለይስሙላ አይደለም። ሥጋው ብቻ አይደለም የሚጾመው፣ ገብቷችኋል። በጾም ወራት የሄደ ሙሽራ ባሕር እያየ ከመጸለይ ሌላ ሥራ የለውም። «ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ይሁና» አልኩ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ዛንዚባር ላይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘንባል፣ አንዳንዱ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል። የኛ ሰው የሚያገባባቸው ሁለት ወቅቶች ጥርና ከፋሲካ በኋላ ናቸው። አንደኛው ደሴቲቱ ፀሐያማ ሆና ዋጋዋ የሚሰቀልበት ነው፤ ሁለተኛው ዋጋው ወርዶ ዝናቡ የሚወርድበት። በዚያ ላይ የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 11 አካባቢ እንደሚገባ ይጠበቃል።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ባሕሩም የራሱ ካላንደር አለው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ትንሽ አይደለም የሚሸሸው፤ ቁርስ ላይ በር ላይ የነበረ ባሕር ምሳ ሰዓት ላይ በእግር ብዙ ተሂዶ የሚደረስበት ይሆናል። ያኔ የመንደሩ ሴቶች ወጥተው በገመድ ላይ የሚያበቅሉትን የባሕር ሣር ይሰበስባሉ። በሰሜን በኩል፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ውሃው ያን ያህል አይርቅም፤ ዋጋው ግን ይርቃል። እኛ የቻልነው ጃምቢያኒን ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ይሰፋል፤ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። የካቲት 2 ላይ ግማሽ ናት።

እነዚህን ሁሉ ሳጣምራቸው አንዲት ክፍት ቦታ ተገኘች፦ ከየካቲት 1 እስከ 6። አምስት ሌሊት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚያገባ ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ እሱ ለሰርጉ ስለሚያልቅ የጫጉላውን ከዓመት ፈቃዴ ላይ አስቀነስኩ። በሥራዬ ብዙ ኮድ ጽፌያለሁ፣ እንደዚች ስድስት ቀን ያስደሰተኝ ግን የለም። ጨረቃዋ የምትወጣው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ፎቶ ላይ የሚታየው የጨረቃ ብርሃን የእራት ሰዓት አይኖረንም። ይቅር።

ቀኑን ቆርጠን አያቴ ዘንድ ለምርቃት ሄድን። አያቴ ጎጃም ገጠር ነው ያደጉት። ሲሰሙ ሳቁ። «እኔ ጫጉላ የገባሁት ማንን እንዳገባሁ ሳላውቅ ነው። እናንተ ተዋውቃችሁ ጨርሳችሁ ደግሞ ባሕር ተሻግራችሁ ምን ልትሠሩ ነው?»

በሳቸው ጊዜ ጫጉላ ማለት ጎጆ ነው። ሙሽሮቹ የሚገቡበት ለብቻው የተሠራ ቤት። ምግብና ጠጁን የሚያቀብለው ሚዜው ነው፤ ውጭ ዘፈኑ ሌት ተቀን አይቋረጥም። አያቴ 14 ዓመታቸው ነበር። ሁለት ቀን አለቀሱ። «በሦስተኛው ቀን አያትህ ‹ምን ትፈልጊያለሽ?› አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴም፣ አባቴም። ምን እንደምፈልግ ራሱ አላውቅም ነበር፣ ውሃ አልኩት።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ያ ጎጆ ክፉ ነገር ነበረው፤ ያለ ዕድሜዬ ነው የገባሁት፣ ልጅ ነበርኩ። ደግ ነገሩ ግድግዳው ነው። ሰው ደጅ ሆኖ ይጠይቅሃል እንጂ አይገባብህም» አሉ።

መንገድ ላይ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። «ተዋውቃችሁ ጨርሳችሁ» የምትለዋ ነገር ግን አልለቀቀችኝም። ሦስት ዓመት አብረን ነን። ሦስት ዓመት ማለት ግን ካፌ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌግራም ነው። እሷ ከቤተሰቦቿ ጋር ነው የምትኖረው፣ እኔ ከእናቴ ጋር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ቦታ በሰዓት ነው የሚሸጠው፤ ማኪያቶው ሲያልቅ አስተናጋጁ ይመጣል። ጠዋት ስትነቃ ታኮርፍ ትሁን ትዘፍን አላውቅም። ስትታመም ሰው እንዲጠጋት ትፈልግ እንደሆን፣ ወይ ተዉኝ ትል እንደሆን አላውቅም።

መተዋወቁን የጀመርነው ስፕሬድሺቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ማታ በጀቱን አብረን ከፍተን አንድ ረድፍ ጨመረች፦ «ለወንድሜ፣ በየወሩ»። ዩኒቨርሲቲ ላለው ታናሽ ወንድሟ ከመምህርነት ደመወዟ ትልክለታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም። «ይቺ ረድፍ አትነካም» አለችኝ፣ ለመጨቃጨቅ ተዘጋጅታ። እኔ ደግሞ ከሥሯ «የእማዬ ቤት ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ። እኔም አልነገርኳትም ነበር። ሁለቱን ረድፎች ቢጫ ቀባናቸውና የቀረውን ገንዘብ ለሌሊት ስናካፍለው ሰባት የነበረው አምስት ሆነ። ያጣናቸውን ሁለት ሌሊቶች እስካሁን አንዳችንም አላነሳናቸውም።

የተጨቃጨቅነውስ? በስቶን ታውን። የደሴቲቱ አሮጌ ከተማ ናት፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለች። እጮኛዬ ታሪክ ነው የምታስተምረው፤ ከአምስቱ ሌሊት አንዱ እዚያ ይሁን አለች። ማየት የምትፈልገው ደግሞ በ1873 እ.ኤ.አ. የተዘጋውን የባሪያ ገበያ ቦታና በላዩ የተሠራውን ካቴድራል ነው።

«ለጫጉላ የባሪያ ገበያ ልታሳዪኝ ነው?»

«ፎቶ ለመነሳት ብቻ ከሆነ የምንሄደው ቢሾፍቱ ይበቃናል።»

እኔ የፈለግኩት ምንም አለማድረግ ነበር። ላፕቶፕ ሳልከፍት፣ ማንም «ሰርቨሩ ወደቀ» ብሎ ሳይደውልልኝ አሸዋ ላይ መተኛት። እሷ ደግሞ ከክፍል ውጭ ያለውን ዓለም በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም፣ መዋኘትም አንችልም። አሰብ የኛ በነበረ ጊዜ አልተወለድንም። የእሷ ጉጉትና የኔ ድካም አንድ ቦታ ላይ ስሙ «ሃኒሙን» ተብሎ ነበር እንጂ ሁለት የተለያየ ጉዞ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ስቶን ታውን አደረግነው። አራቱ የኔ ናቸው፤ ማለቴ የኛ።

እማዬ ቀረች። ቀኖቹን ስልኬ ላይ አሳየኋት። ሰው ምን ይላል፣ ዘመድ በየተራ ሊጠራችሁ ሲዘጋጅ ልትጠፉ ነው ወይ ትላለች ብዬ መልሴን ይዤ ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ «ከዛንዚባርማ ትመለሳላችሁ» አለች። «ወደዚህ ቤት ግን አትመለስም።»

አባቴ ካረፈ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ማታ ለእጮኛዬ ስነግራት ወዲያው «ከቅልቅሉ እስከ በረራው ያለችውን ሳምንት እሳቸው ጋ እንቀመጥ» አለች። ስፕሬድሺቱ ላይ ራሷ ጻፈችው፤ ከጥር 25 እስከ 30፣ ቦታ፦ እማማ ቤት፣ ወጪ፦ 0። እውነት ለመናገር እኔ ይሄን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ግድግዳ ያስፈልገናል፣ አያቴ እንዳሉት፤ ግድግዳው ግን በር እንዳለው ያሳየችኝ እሷ ናት።

እንግዲህ ላንጋኖ ምን አነሰው ለሚለው መልሴ ይሄ ነው፦ ምንም አላነሰውም። ላንጋኖ ግን አጎቴ መኪና ይዞ ቅዳሜ ይመጣል። ጓደኞቻችን «እግረ መንገዳችንን» ይላሉ። እወዳቸዋለሁ፣ ሁሉንም። አያቴ ያን ግድግዳ ያገኙት ከእንጨትና ከሣር ነው፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ስልካችን እየጮኸ የምንኖር ልጆች አምስት ሌሊት ግድግዳ ለማግኘት የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥን። ደሴት ማለት ለኔ ይሄ ነው። ዙሪያውን ውሃ የሆነ ጎጆ።

እየተዘጋጀሁ ትንሽ ስዋሂሊ ለቃቅሜያለሁ። ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ነው፤ «ሳአ ሞጃ» ሲሉ የኛው የጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ጫጉላን ደግሞ «ፉንጋቴ» ይሉታል፤ ከሰርግ በኋላ ያለው ሰባት ቀን ነው። በድሮው ልማድ በነዚያ ቀኖች ለሙሽሮቹ ምግብ የሚልከው የሙሽራዋ አባት ነበር። ይሄን ለእማዬ ነገርኳት። «አየህ፣ እነሱም ሰው ናቸው» አለችና በማግስቱ ዳቦ ቆሎ መሥራት ጀመረች። ሰርጉ ገና ነው፣ ይደርቃል ብላት «ይሄ ለመቅመሻ ነው» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳት። ዛንዚባር ፌስታል ክልክል ነው፤ ይዞ መግባትም አይቻልም። ምንም አላለችኝም። ትናንት ከሥራ ስመለስ ከአሮጌ አንሶላ የተሰፉ ሁለት ከረጢቶች አልጋዬ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ የኔ ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር ተጠልፏል። ሌላው ላይ የእሷ።