ምች ነው ያልነው

መቼም ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። እኔም ባለፈው ኅዳር ባለሁለት ራስ ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩ ጭኜ አዳማ ወረድኩ። እናቴ ዛሬም ናዝሬት ነው የምትላት። ዕድሜዋን በሙሉ ያበሰለችው ደግሞ በከሰል ነው፤ ያንን ከሞጆ እስከ መተሐራ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተደርድሮ የምታዩትን ከሰል።

«ይሄ ነገር ቤቴን ያፈነዳብኛል፤ ይዘኸው ተመለስ!» አለችኝ፣ ገና ከባጃጁ ሳይወርድ።

ደግሞ አልዋሸችም። ሲሊንደሩን ከፈት ሳደርገው ቤቱ ሸተተ። ጋዙ እኮ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ነው ያ የሚከረፋ ነገር የሚጨመርበት። እናላችሁ… ላፍር አይገባኝም፣ እውነቱን ልናገር፣ እጄ የሄደው ወደ ክብሪት ነበር። የሚያፈስበትን ቦታ በእሳት ልፈልገው! እናቴ ክብሪቱን ከእጄ ነጥቃ ጓሮ ወረወረችው።

ባለሙያ ተጠራ። ልጅ እግር ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ «መብራት እንዳታበሩ፣ እንዳታጠፉም» አለን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ከላይ ያለችው መስኮታችን ብዙም አትረዳም። ሽታው ሲጠፋ ኦሞ በውሃ በጥብጦ አረፋውን በስፖንጅ ጎማውንም መጋጠሚያውንም ቀባና ሲሊንደሩን መልሶ ከፈተ። ሲሊንደሩ አፍ ላይ አረፋው እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፋ። ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀየረው፣ እንደገና ቀባ፤ አረፋው ዝም አለ።

በዚህ አላበቃም። ሁለቱንም ለኮሳቸው። አንዱ ሰማያዊ ሲሆን ሌላው ቢጫ ሆኖ ይዘላል። «እማማ፣ ይሄ ድስትዎን ያጠቁርብዎታል። አየር አንሶት ነው» አለና ከሥር የአየር መግቢያውን ከአቧራና ከሸረሪት ድር አጸዳ፤ ትንሿን ቀለበት ነካ ነካ እያደረገ እሳቱን ሰማያዊ አደረገው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቤቱ ተፈተሸ፣ እናቴ ከአደጋ ዳነች!

ማታ ቡና ተፈላ። በጋዝ እንዳይመስላችሁ። «በጋዝ የተፈላ ቡና ቡና ነው?» ተባልኩ። መብራት ሄዷል፣ ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ብቻ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በዚሁ ነፋስ ነው። እናቴን ግን ከሰሉን ይበትንባታል፣ ብርዱም ያንዘፈዝፋታል። ስለዚህ ፈርኔሎው ከነፍሙ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ተወተፈ። ተኛን።

ሌሊት ስነቃ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ያቅለሸልሸኛል፤ ልነሳ ብል ጉልበቴ ከዳኝ።

«እማዬ… አሞኛል።»

«ምች ነው ልጄ» አለች፤ እሷም ግንባሯን ይዛለች። ግድግዳውን እየተደገፈች ዳማከሴ ልትቀጥፍልኝ በሩን ከፍታ ወጣች። ነፋሱ ገባ።

ዳማከሴው ሳይታሽ ነው የተሻለኝ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጥግ ላይ ወዳለው ፍም የሄደው። ፍም ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ግን ከእሱ ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ለእሱ ሽታ የሚጨምርለት ፋብሪካ የለም፤ የኦሞ አረፋም አያገኘውም። በሀገራችን ስንቱን በተኛበት አስቀርቷል! እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢጫ እሳት ሳስተካክል ውዬ ከፍም ጋር በር ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት ፈርኔሎውን በረንዳ ላይ አውጥቼ በቆርቆሮ ከለልኩላት። ከልብ አልሰማችኝም።

«እኔን እንደሆነ ኅዳር በገባ ቁጥር ራሴን ያመኛል» አለችኝ። «ስንት ዓመቴ!»

አሁን ማታ ማታ እደውላለሁ። «እማዬ፣ ፈርኔሎው የት ነው?»

«ውጭ ነው» ትለኛለች። በስልኩ ውስጥ ግን ነፋስ አይሰማኝም።