የእንቁራሪት አስታማሚዎች

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንዲት እንቁራሪት ነው። አንባቢ ቢስቅብን አንቀየምም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን ደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። በሰኔ መጨረሻ፣ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ እንዳባራ፣ የአከራያችን የልጅ ልጅ ማሙሽ በጣሳ አንዲት እንቁራሪት ይዞ መጣ። ከውሠታ ወንዝ ዳር አግኝቷት ኖሮ «አትዘልም፤ አሟታል። እናንተ ባዮሎጂ ትማሩ የለም እንዴ?» አለን። ባዮሎጂ የሚማረው ከሦስታችን አንዱ ብቻ ነው። ቢሆንም በሕፃን ፊት «አላውቅም» ማለት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባድ ነውና ተቀበልናት። ስሟንም መንቆረር አልናት፤ የከተማችን የቀድሞ ስም መሆኑ ነው።

መታመሟ ያስታውቃል። እግሮቿን ዘርግታ ትተኛለች፤ በጀርባዋ ከተገለበጠች ተመልሳ የመነሣት አቅም የላትም፤ ቆዳዋም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። እኛም ጊዜ ሳናጠፋ ማስታመም ጀመርን፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ግን ከዳር እስከ ዳር ስሕተት ነበር። በሳፋ የቧንቧ ውሃ ሞልተን ነከርናት፤ በሳሙና በታጠበ እጃችን እያገላበጥን መረመርናት፤ ማሙሽ እንጀራ ቆርሶ አቀረበላት። አከራያችን እማማ ደግሞ «ፌጦ በጥብጣችሁ ቀቧት፤ ፌጦ የማያድነው የለም» አሉን። ለመቀባትም ተነሥተን ነበር፤ ከዚህ የተረፈችው በቤቱ ውስጥ ፌጦ በማለቁ ነው።

ያን ዕለት ማታ ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ጽሑፍ አብዛኛው ኒውት ስለምትባል ጭራ ያላት የእንቁራሪት ዘመድ የሚናገር ነው። በባዕድ አገር ሰዎች በመስተዋት ገንዳ ያሳድጓታል፤ ስትታመምም ያስታምሟታል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን የእርሷ ወገን ከቶ የለም። ቢሆንም ቆዳቸው አንድ ዓይነት ነውና የእርሷን ምክር ለመንቆረር ተዋስንላት። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ እየመጠጠች ነው፤ ከምትተነፍሰው አየርም ከፊሉ የሚገባው በዚያው ነው። እንግዲህ ጀርም ለመግደል በቧንቧ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን፣ በእጃችን የቀረው ሳሙና፣ ተቀብታ ቢሆን ኖሮ ፌጦውም፣ በዚያ ስስ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነቷ የሚዘልቅ ነው። እንጀራውን ያልነካችውም ስለ ታመመች ብቻ አይደለም፤ እንቁራሪት የማይንቀሳቀሰውን ነገር እንደ ምግብ አትቆጥረውም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሥርዓት አወጣን። በንጹሕ ዕቃ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ ጥቂት ብቻ አፈሰስንላት፤ ደክማ እንዳትሰጥም ሳፋውን አዘንብለን አንዱን ወገን እርጥብ ሣር አነጠፍንበት፤ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግም አኖርናት። አንዳችን ውሃ እንለውጣለን፤ አንዳችን ከማሙሽ ጋራ ፌንጣ እናድናለን፤ የግድ ካልሆነ አንነካትም፤ ስንነካትም እጃችንን በዝናብ ውሃ አርጥበን ነው። በፈተና ዋዜማ እንኳ ተራ አላጓደልንም። በአራተኛው ቀን አንዲት ዝንብ ዋጠች። ማሙሽ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

ደስታችን ግን አልቆየም፤ ከዚያ በኋላ አልበላችም። ምልክቱን ከንባባችን ጋራ ስናስተያየው ፈንገስ ጠረጠርን። ይህ ፈንገስ በሳይንስ ስም ወጥቶለት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእንቁራሪቶችን ቆዳ ይይዛል፤ በደማቸው ያለው የጨው ሚዛን ይዛባል፤ በመጨረሻም ልባቸው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች በእርሱ ምክንያት እንደ ቀነሱ፣ 90 ያህሉም ጨርሰው እንደ ጠፉ ገምቷል። በኢትዮጵያ ደጋም መኖሩ በምርመራ ታውቋል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋልና። የእንስሳት ሐኪም የሆነ አንድ ዘመዳችንን ጠየቅን። አልሳቀብንም። ከቆዳዋ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ካልታየ ፈንገስ ነው ማለት እንደማይቻል፣ የፈንገስ መድኃኒት ቢኖርም በግምት በጥብጦ መንከር መግደል እንደሚሆን ነገረን።

በዚህ መካከል ማሙሽ «ወደ ውሠታ እንመልሳት፤ እዚያ ዘመዶች አሏት» ብሎ አለቀሰ። እኛም ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ወገን «ፍጥረት በሳፋ ከምትሞት በአገሯ ትሙት» አለ። ሌላው «ፈንገሱ ካለባት ዘሩ በውሃ እየዋኘ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ አንዷን ደስ ለማሰኘት ወንዙን እንበክላለን?» አለ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በአገራችን ካሉት ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪት ዝርያዎች ከሲሶ የማያንሱት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ2017 ገና አዲስ ተብላ የተመዘገበች አንዲት የሣር እንቁራሪት በአማራ ስም «ፕቲካዴና አምሃረንሲስ» ተብላለች። እንዲህ ያለው ዘር ከዚህ ከጠፋ ከየትም አይመጣም። ክርክሩ እስከ እራት ቆየ። በመጨረሻ ያልተማሩት እማማ ፈረዱት፦ «የታመመ በግ ከመንጋው ይለያል እንጂ ወደ መንጋው ይነዳል እንዴ?»

መንቆረር በዘጠነኛው ቀን ጧት ሞታ ተገኘች። ከጓሮ፣ ከውሃ መውረጃ በራቀ ደረቅ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናት፤ ሳፋውንና ጣሳውን በበረኪና አጥበን ፀሐይ ላይ አደረቅን። ማሙሽ «እኛ ነን የገደልናት?» ብሎ ጠየቀን። በመጀመሪያው ቀን እንደ ጎዳናት፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚቻለንን እንዳደረግን ነገርነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ዛሬም የለንም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ መምህር፣ ሐኪም ወይም የግብርና ባለሙያ ሆነን ወደ ገጠር እንወጣለን። ያን ጊዜም ደግ ለመሥራት እንደዚያ ቀን መቸኮላችን አይቀርም። የምንረዳው ወገን በምን እንደሚጠጣና በምን እንደሚተነፍስ ሳንጠይቅ በራሳችን ውሃ እንዳንነክረው እንፈራለን። ሳናውቅ «እናውቃለን» ማለታችን ለመንቆረር አንድ ቀን ሙሉ ሥቃይ ሆኖባታል።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ማሙሽ ከወንዝ እየሮጠ መጣ። እጁ ባዶ ነበር። «አንዲት አየሁ፤ አልነካኋትም፤ ትዘላለች!» አለን።