አፍ የሌለው በላተኛ

በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ሐዋሳ፣ እህቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል እንወርዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ አባ ኮዳዎቹ እንደ ደጅ ጠኚ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ልጁ በጠርሙስ ከሐይቁ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። «አያቴ፣ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» በዓይን የማይታዩ አልጌዎች እንዳሉበት፣ ብዙዎቹም አንዲት ሴል ብቻ እንደሆኑ፣ ምግባቸውን በፀሐይ ብርሃን ራሳቸው እንደሚሠሩ ነገርኩት። ምሳ የበላነው ቆሮሶም ያደገው በአብዛኛው እነሱን እየበላ ነው። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁና ማብራራቱ አይከብደኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁን ሆዱን ቆረጠው። ንፍጥና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። እኛ ዘንድ ሆድ በቆረጠ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ፋርማሲ መሮጥ የተለመደ ነው፤ ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም። ስለዚህ ክሊኒክ ወሰድኩት።

መምህር እንደነበርኩ ስነግረው የላቦራቶሪው ወጣት «እማማ፣ ይምጡ ይመልከቱት» አለኝ። ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ ስዬዋለሁ! በሕይወት ያለውን ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አልነበረውም። እንደ መስታወት የጠራ ጠብታ ነው። በአንድ ጎኑ እንደ ሊጥ ይለጠጥና ሌላው አካሉ ተከትሎ ይፈሳል። ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ክብ ነገሮች ነበሩ፤ የልጄ ቀይ የደም ሴሎች።

ማታ ልጁ «አፍ ከሌለው በምን ይበላል?» አለኝ። በመላ ሰውነቱ ነው። ምግቡን ከግራና ከቀኝ ከቦ ይገጥምበታል፤ ከዚያ በውስጡ በከረጢት ይዞ በኢንዛይም ያሟሟዋል። የኩሬ አሜባ በዚህ መንገድ ባክቴሪያና አልጌ ይበላል። የአንጀቱም ብዙ ጊዜ በባክቴሪያ ይኖራል፤ አንዳንዴ ግን ወደ አንጀት ግድግዳ ይዞራል። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት፣ በሕይወት ያለን የሰው ሴል ቁራሽ በቁራሽ እየቦጨቀ እንደሚገድል አሳይቷል። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

እኔ የምጠረጥረው ከገበያ ገዝቼ በቧንቧ ውሃ ብቻ ያለቀለቅኩትን ሰላጣ ነው። አሜባው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አይገድለውም፣ ማፍላት ይገድለዋል። ይህን ለስንት ተማሪ ነግሬያለሁ!

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ኪኒን አስዋጥኩት፤ «ድኛለሁ እኮ» እያለ ቢለምነኝም።

ልንመለስ ስንል አሞራ ገደል ወረድን። የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦልን ሳለ «አያቴ፣ አሜባ ሲጠግብ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ሁለት ይሆናል» አልኩት።

ዓሣውን አየ፣ እጁን አየ፣ ተነስቶም ሊታጠብ ሄደ።