ከቁም ሳጥን ላይ የወረደው ሬዲዮ

ኦምዱርማን ባለው ቤታችን፣ ቁም ሳጥን ላይ የአባባ ሬዲዮ ተቀምጧል። እኛ ልጆቻቸው አቧራውን እንጂ ድምፁን አናውቅም ነበር። ድሮ ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ ግቢያችን መጥቶ፣ አንገረብ ላይ ተቀምጦ፣ የዶቼ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ይሰማ እንደነበር ያወሩልናል። ሱዳን በ2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስትመልስ የምሽቱ 1 ሰዓት ዝግጅት እዚህ 12 ሰዓት ላይ ሆነ። በስልክ ስለምንሰማ ልብ ያለው አልነበረም።

ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የሱዳን ኢንተርኔት ተዘጋ። አባባ ሬዲዮውን አወረዱ። ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጣን፤ አንቴናው ላይ ሽቦ ቀጥለን ግቢው ውስጥ ዘረጋን። መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር።

«ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ጣቢያው እንዳያልፋችሁ» ይሉናል።

ሰኔ 15 ባሕር ዳር ላይ ዶ/ር አምባቸው መኮንን ተገደሉ። የኢትዮጵያም ኢንተርኔት ተቋረጠ። አጎታችን የሚኖረው እዚያው ባሕር ዳር ነው፤ ስልኩ አይነሳም። በማግስቱ እማዬ ሬዲዮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመጣ መሆኑን አባባ ቢያስረዱም አልሰማቻቸውም። የሟቾች ስም ሲነበብ ድምፁ ጠፋ። ጫማ ሻጭ አጎታችን በዜና እንደማይጠራ አሁን ይገባናል፤ ያን ምሽት ግን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደወለ።

ሐምሌ 2 ኢንተርኔት ተመለሰ፤ ሬዲዮውም ወደ ቦታው። ሽቦውን ግን እማዬ እንዳናነሳው ከለከለችን፤ ልብስ ታሰጣበታለች።