ብረት የለበሰው ፍሬንና የአባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሃ ጽዮን የደረሰ ሹፌር ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ወዶ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቀልድ አያውቅም። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወረዳል።

እኔ ይህን በረሃ በአውቶብስ ስንቴ አቋርጬዋለሁ፤ ያውም እያንኮራፋሁ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ግን በጓደኛዬ ዲኤክስ፣ እናቱን ከኋላ አስቀምጠን ስንወርድ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳሁ።

ጓደኛዬ መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ የሚወድ ዓይነት ሰው ነው (ሚስት የለውም እንጂ)። ለጉዞው ሲዘጋጅ የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀው አገኛቸው። እነዚህ ቱቦዎች የፍሬን ዘይቱን ከብረቱ ቧንቧ ተቀብለው እግሩ ጋ ላለው ፍሬን የሚያደርሱ ናቸው። እግሩ ስለሚዞርና ስለሚነጥር መተጣጠፍ አለባቸው፤ ለዚህ ነው ከጎማ የሚሠሩት። ጎማ ሲያረጅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ፔዳሉ ሲረገጥም እንደ ፊኛ ትንሽ ያብጣል። ከምትረግጡት ጉልበት የተወሰነው ቱቦ ሲነፋ ይውላል ማለት ነው።

አንድ ዘመዱ ከዱባይ ሲመጣ ሌላ ዓይነት አመጣለት። ውስጡ ቴፍሎን ነው፤ ያው የማያጣብቀው መጥበሻ የሚቀባው ነገር። ላዩን የማይዝግ የብረት ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖበታል። የውድድር መኪኖች የሚገጥሙት ዓይነት ነው። አስገጠመው። እውነት ለመናገር ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ፤ ነካ ሲያደርጉት ይይዛል።

“አባይን አሁን በሩጫ ነው የምወርደው” አለኝ።

ወረድን። በሦስተኛ ማርሽ፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን… ፍሬን… ፍሬን። መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች ተደርድረው ዳቦ የሚወረውር መንገደኛ ይጠብቃሉ። እናቱ “ልጄ ቀስ በል” ይላሉ። “እማዬ አይዞሽ፣ ብረት ነው!” ይላል። የበረሃው ወላፈን በመስኮት ይገባል፤ ከወላፈኑ ጋር የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ አንድ ኩርባ መጣ። ፔዳሉን ረገጠው፤ እስከ ወለሉ ዘለቀ። “ፍሬን የለም” አላለም፤ እናቱ አሉና። ፊቱን አይቼ ነው የገባኝ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለሰው፣ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ (በሽቦ ስለሚሠራ ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም)። ገደሉን ሸሽቶ በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆመ። ወርጄ ከጎማው ፊት ድንጋይ ሳስቀምጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱን “ሞተር እናብርድ” አልናቸው።

ከኋላችን ሲንፏቀቅ የመጣ ከባድ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው አዩ። የቡና አተላ!

“ይህን ዘይት መቼ ቀየርከው?”

ጓደኛዬ ዝም። ለካስ ቱቦው ሲገጠም መካኒኩ አሮጌውን ዘይት በጣሳ ተቀብሎ መልሶ ነበር የሞላው፤ እሱም ቆሞ አይቷል።

የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ሻል ይላል፤ አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ይወርዳል እንጂ ግፊቱ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ቱቦው ብረት ይልበስ ወርቅ ይልበስ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም።

“ይህን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው?” አሉት።

“በሁለተኛ፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው በሱው ውረድ።”

አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን ፔዳሉ ሲመለስ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ግድም የተከፈተው ድልድይ ላይ ስንደርስ እናቱ አማተቡ። እኔም በልቤ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ዘይቱን አስቀየርን። የደብረ ማርቆሱ መካኒክ ሌላም ጉድ አገኘ፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የግራው ቱቦ ጎማውን ይታከካል። ሽቦው እንደ ሞረድ ነው፤ የነካውን ይበላል፣ ራሱም ይላላል። የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ላዩን ይታያል፤ ይሄኛው ግን ውስጡ ቢጎዳ ሽቦው ይሸፍነዋል። ስለዚህ የምታስገጥሙ ካላችሁ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙራችሁ እዩ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዘይቱን (በየሁለት ዓመቱ)፣ ቀጥሎ ሸራውን፣ ከዚያ አዲስ የጎማ ቱቦ። የብረቱ ይደርሳል።

ስንመለስ ከደጀን እስከ ድልድዩ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ የጭነት መኪና ሳይቀር እየቀደመን። እናቱ ከኋላ ሆነው፣

“ምነው ልጄ፣ መኪናው ታመመ እንዴ?” አሉ።