የእረፍት መንገድ ቦሌ ላይ አያልቅም

ባሕር ማዶ የሚኖር የደቡብ ጎንደር ሰው፣ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ፣ እረፍት ሲያገኝ ወዴት ልሂድ ብሎ አያማርጥም፤ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳውም፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራውም ቀን የሚቆጥሩት ለዚያ ነው። ነገር ግን ይህ የእረፍት ጉዞ ከጊዜ ወደ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እየቆመ መጥቷል። እንግዳው ቦሌ ይወርዳል፣ ቤት ይከራያል ወይም ዘመድ ዘንድ ያርፋል፣ ከዚያ «እማዬን አምጡልኝ» ብሎ ወደ አገር ቤት ይደውላል። የቀረውን መንገድ የሚጓዙት በዕድሜ የገፉት እናት ይሆናሉ። ይህ ልማድ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መንገዱ ረጅም መሆኑን ማንም አይክድም። ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚበረው አውሮፕላን አዲስ አበባ ለመድረስ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከጅዳ የሚመጣው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደግሞ በአየር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የባሕር ዳር የአባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ በወረታ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉናን በስተቀኝ እያዩ፣ ክምር ድንጋይን አልፈው ንፋስ መውጫ ይገባሉ። ይህ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ነው። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ ዋና መንገድ መገንጠል አለበት፤ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዘቁት ቀበሌዎች ደግሞ መኪና ከቆመበት በኋላም ገና የእግር መንገድ አላቸው። እንግዲህ ከጅዳ የምትመጣ የስማዳ ልጅ ቀይ ባሕርን ከተሻገረችበት ይልቅ ከባሕር ዳር ቤቷ የምትገባበት ይረዝማል። እንግዳው የሚሸሸው ይህን የመጨረሻ መንገድ ነው። እሱ ስለሸሸው ግን መንገዱ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይጓዝለታል።

የሚጓዙለት እናት ደግሞ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ተነስተው 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ፤ ከደጀን ወደ ሌላው የአባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው፣ የበረሃውን ወበቅ ችለው፣ እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣሉ። ቅቤውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦውን ተሸክመው ነው። ደርሰው ደግሞ በማያውቁት ከተማ፣ በማያውቁት ፎቅ፣ ደጁን ሳይረግጡ ይሰነብታሉ። ላሟን ማን ያልባል፣ ማሳውን ማን ያያል የሚለው ሐሳብ አይለቃቸውም። አባት አቅም ካጡ ጭራሽ አይመጡም። አያት አይመጡም። ክርስትና ያነሱት፣ ያሳደጉት ጎረቤት፣ የእድሩ ዳኛ አይመጡም። እንግዳው በሌለበት ያረፈ ዘመድ መቃብሩም አገር ቤት ነው። እኛ አገር ለቅሶ መድረስ ዘመን አይሽረውም፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢሆን ወደ ሟች ቤት ይገባል፣ ባለቤቶቹም «መጣልን» ብለው ሐዘናቸውን ያወጣሉ። ይህን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ መፈጸም አይቻልም።

«ዛሬ ስልክ አለ፣ በኢሞ ፊት ለፊት እንተያያለን፣ ብሩም በባንክ በየወሩ ይደርሳል» የሚል አይጠፋም። የሚላከውን ገንዘብ የማቃልል አይደለሁም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በምግብ ዋስትና እጦት ለረጅም ጊዜ ስማቸው ሲነሳ የኖሩ፣ ሴፍቲኔት የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ ከውጭ በሚመጣ ብር በሬ የገዛ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጅ ያስተማረ ብዙ ነው። ግን የእረፍቱ ብር ራሱ የት ይቀራል? ቦሌ ላይ የከረመ እንግዳ ለቤት ኪራይ፣ ለመኪና ኪራይና ለምግብ ቤት የሚያወጣው ወገዳ ገበያ በግ ለሚሸጥ ገበሬ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሚኒባስ ለሚነዳ ወጣት አይደርስም። ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ ወሬው ነው። የሰፈሩ ወጣት ከባሕር ማዶ የሚያየው ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ የስደትን ልክ ከፎቶ ይማራል። የተሰደደችው ልጅ በአካል መጥታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ አሠሪ ደመወዝ ሲከለክል ምን እንደሚደረግ፣ በደላላ የሄደችው ጓደኛዋ ምን እንደደረሰባት ብትናገር፣ ለመሄድ የተነሳ ቢያንስ አውቆ ይሄዳል። ይህን በስልክ ማውራት ይከብዳል፤ እናት ይሰማሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ስለዚህ ሁሉም «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል።

የጊዜ ማጠር ግን እውነተኛ ችግር ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሁለት ዓመት ሠርታ ውሏን ለምታድስ ሠራተኛ የሚሰጣት ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት አንድ ወር ነው፤ መቼ እንደምትወጣም ብዙ ጊዜ የምትወስነው እሷ አይደለችም። የምዕራቡ አገር ሰው ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይመጣል፤ ያ ክረምት ነው፣ የጠጠሩ መንገድ ጭቃ የሚሆንበት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በግ አርዶ መቀበል የማይቻልበት። የሚችል ሰው እረፍቱን ወደ ጥምቀት ወይም ከትንሣኤ በኋላ ወዳለው ጊዜ ቢያዞረው መንገዱም ደረቅ፣ አገሩም ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። አካልም ጊዜ ይፈልጋል። ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ተሻግሮ ነው፤ ጅዳ የከረመችው ደግሞ ከባሕር ጠረፍ ተነስታ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ንፋስ መውጫ ስትወጣ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊያገኛት ይችላል። ባሕር ዳር አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ መቀጠል ይህን ያቀልላል። ከሠላሳ ቀን ውስጥ አራት ወይም አምስቱን ለመንገድ መስጠት እረፍቱን እንደማባከን መታየት የለበትም፤ ሰው ከዚያ ርቀት የተነሳው ለመድረስ ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው የጸጥታው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ማንንም ማስገደድ አልፈልግም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ጀምሮ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክም ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። በዚህ ሁኔታ «አልሄድም» የሚል ሰው አይወቀስም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ለእኛ ያስፈራን መንገድ ለእናታችን እንዴት ደህና ሆነ? ያንኑ የገርበ ጉራቻን መንገድ በአውቶቡስ እንዲያልፉ የምንጠራቸው እሳቸውን ነው። መንገዱ በእርግጥ ክፉ ከሆነ ሁላችንም እንቆይ፤ መሄድ ከተቻለ ደግሞ እንግዳው በአየር ባሕር ዳር ይግባና የአገሩን ሰው ጠይቆ፣ ቢያንስ እስከ ደብረ ታቦር ይቅረብላቸው። ቤት ድረስ መግባት ባይቻል እንኳ የሳቸውን ጉዞ የመጨረሻዋ ትንሽ ቁራጭ ማድረግ ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ ከተባሉ በኋላ አንድ ጮክ ተብሎ የማይነገር ምክንያት ይቀራል፤ ሐፍረት። ብዙ ልጆች ቦሌ ላይ የሚቀሩት ባዶ እጃቸውን ሰፈር መግባት ስለሚፈሩ ነው። መላው ቀበሌ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ሞልቶለት እንደመጣ ያስባል፤ የአንዱን ጫማ፣ የሌላውን ስልክ፣ የዘመዱን የሕክምና ወጪ ይጠብቅበታል። ደመወዟን ተቀምታ የተመለሰች፣ ዕዳ ላይ ያለች፣ ታማ የመጣች ልጅ ይህን ፊት ለፊት መቋቋም አትችልም። እዚህ ላይ ተጓዡን ብቻ መውቀስ አይገባም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ አገር ቤት ላላችሁ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች አደራ እላለሁ፦ ልጃችሁ የእረፍት ቀኗን ስትነግራችሁ የዕቃ ዝርዝር አትላኩላት። «ባዶ እጅሽን ነይ፣ ጠላው እየተጠመቀ ነው» በሏት፤ ይህንንም ትኬት ከመቁረጧ በፊት ንገሯት።